ልማድን በልማድ መተካት፤ የመምህሩ ጥያቄና የተማሪው የማሰቢያ ጊዜ

መግቢያ

ማስተማር በዕቅድ የሚመራ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። መምህሩ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት የትምህርቱን ዓላማ ይወስናል፤ መርጃ መሣሪያውን ያዘጋጃል፤ የክፍለ ጊዜውን አከፋፈል በዕለታዊ የትምህርት ዕቅዱ ላይ ያሰፍራል። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ ከሚፈጽማቸው ተግባራት መካከል በዕቅዱ ላይ የማይጻፉት እጅግ ይበዛሉ። በሚያስተምርበት ጊዜ ወደ የትኛው ማዕዘን እንደሚመለከት፣ የማንን ስም ደጋግሞ እንደሚጠራ፣ የተሳሳተ መልስ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ ጥያቄ ካቀረበ በኋላ ምን ያህል እንደሚታገሥ በማናቸውም ዕቅድ ላይ ሰፍሮ አይገኝም። እነዚህን ተግባራት የሚመራቸው ልማድ ነው።

አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ በየጊዜው በስብሰባና በሥልጠና ይተዋወቃል። መምህራን ዘዴውን ይረዱታል፤ ብዙዎቹም ይቀበሉታል። ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ግን ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ ቀድሞ ያስተምሩበት በነበረው መንገድ ሲያስተምሩ ይታያሉ። ይህን የሚመለከት ሰው ምክንያቱ ስንፍና ወይም ቸልተኝነት ይመስለዋል። ጉዳዩ በጥልቀት ሲመረመር ግን ዕውቀትና ልማድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይታያል። ዕውቀት በማስረዳት ይለወጣል፤ ልማድ ግን የሚለወጠው ሌላ ልማድ በቦታው ሲተካ ነው።

ይህ ጽሑፍ መምህሩ የራሱን ልማድ እንዴት ሊመረምርና ሊተካ እንደሚችል ለማስረዳት የቀረበ ነው። ነገሩ በጥቅሉ ከመነገር ይልቅ በአንድ ምሳሌ ቢታይ የተሻለ ስለሚሆን፣ በየክፍሉ በብዛት የሚታየውን ጠይቆ ያለመታገሥ ልማድ እንደ ምሳሌ ይወስዳል።

ልማድ እንዴት ይመሠረታል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቡና መጽሐፍ ለልማድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶ ነበር። የሐሳቡም ፍሬ ነገር፣ ሰው ዘወትር የሚሠራቸውን ተግባራት ለልማድ ባያስረክብ ኖሮ አእምሮው ለከፍተኛ ሥራ የሚተርፍ ኃይል አይኖረውም ነበር የሚል ነው። በእርግጥም መምህሩ ጠመኔ ሲይዝ፣ ስም ሲጠራ፣ ሰሌዳ ሲያጠፋ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እያሰበ ቢሠራ ትምህርቱን ሊያስተምር ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ልማድ በራሱ የሚጠላ ነገር አይደለም።

ልማድ የሚመሠረተው በሦስት ነገሮች መያያዝ ነው። የመጀመሪያው ቀስቃሽ ሁኔታ ነው፤ ይኸውም ቦታ፣ ሰዓት፣ ድምፅ ወይም ስሜት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቀስቃሹን ተከትሎ የሚፈጸመው ተግባር ነው። ሦስተኛው ከተግባሩ በኋላ የሚገኘው ጥቅም ወይም ዕረፍት ነው። ሦስቱ በአንድነት ሲደጋገሙ ቀስቃሹ በታየ ቁጥር ተግባሩ ያለ ውሳኔ ይከተላል። አበው «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ያሉት ይህንኑ በማየት ነው፤ ልማድ ሰውየው ሊሠራው ያላሰበውን፣ ምናልባትም የሚያፍርበትን ነገር ሊያሠራው ይችላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ክፉ ልማድ ያለው ሰው «ከነገ ጀምሮ እተዋለሁ» ብሎ መወሰኑ ብቻ የማይበቃው መሆኑ ነው። ውሳኔው ቢኖርም ቀስቃሹ በቦታው አለ፤ የሚገኘው ጥቅምም አልቀረም። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሊቆይ ስለማይችል የቀድሞው ተግባር ተመልሶ ይገባበታል።

በክፍል ውስጥ የሚታይ አንድ ልማድ

መምህሩ ጥያቄ ያቀርባል። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ወዲያውኑ እጃቸውን ያወጣሉ። መምህሩ ከመካከላቸው አንዱን ይጠራል፤ ተማሪው ይመልሳል፤ መምህሩ «ጎበዝ» ብሎ መልሱን ይደግመውና ወደሚቀጥለው ነጥብ ያልፋል። እጅ የሚያወጣ ከጠፋ ደግሞ መምህሩ ራሱ የጠየቀውን ራሱ ይመልሳል። በመጨረሻም «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነው።

ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የተሰጡ የሳይንስ ትምህርቶችን በቴፕ ቀርጸው መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ እስኪሰጥ ወይም ሌላ ነገር እስኪናገሩ ድረስ የሚታገሡት በአማካይ 1 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። ተማሪው መልስ ከሰጠ በኋላም መምህሩ ንግግሩን ለመቀጠል የሚቆየው ከዚያ የበለጠ አልነበረም። ከዚህም ሌላ መምህራኑ ጎበዝ ናቸው ብለው ለሚያስቧቸው ተማሪዎች የበለጠ ጊዜ ሲሰጡ፣ ደካማ ናቸው ለሚሏቸው ደግሞ ያነሰ ጊዜ ይሰጡ ነበር። ይህም ማለት የማሰቢያ ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈልገው ተማሪ አነስተኛውን ጊዜ ያገኝ ነበር ማለት ነው።

መምህራኑ በሁለቱም ቦታዎች፣ ማለትም ከጥያቄው በኋላና ከመልሱ በኋላ፣ ቢያንስ 3 ሴኮንድ እንዲታገሡ ሲለማመዱ ለውጥ ታየ። የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉት ቀነሱ፤ መልሳቸውን በማስረጃ የሚያስደግፉና የጓደኛቸውን ሐሳብ ከራሳቸው ጋር የሚያነጻጽሩ በዙ፤ ራሳቸው ጥያቄ የሚጠይቁም ተበራከቱ። ደካማ ይባሉ የነበሩ ተማሪዎች መሳተፍ ሲጀምሩ መምህራኑ ለእነርሱ የነበራቸው ግምት ጭምር ተሻሻለ።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የክፍሎች መጣበብ ነው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ፈጥነው እጅ ለሚያወጡት ጥቂቶች ብቻ የሚቀርብ ከሆነ የቀሩት በዓመቱ ውስጥ አንድም ጊዜ ሳይናገሩ ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለተኛው የማስተማሪያው ቋንቋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ተማሪው ጥያቄውን ወደሚያስብበት ቋንቋ መልሶ መረዳት፣ መልሱን ማግኘትና መልሱን ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ማዞር ይኖርበታል። ይህን ሁሉ በ1 ሴኮንድ ውስጥ ሊያከናውን የሚችል ተማሪ ጥቂት ነው።

ተማሪን ለማሰብ መተው ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ነው ማለትም አይቻልም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው ለብቻው ሆኖ ጊዜ ወስዶ ነው፤ ካዘጋጀ በኋላ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይታረማልም። ዝምታው የድንቁርና ምልክት ሆኖ አይቆጠርበትም፤ የሥራው ክፍል ነው። በዘመናዊው ክፍል ውስጥ ግን ዝምታ የመምህሩ ወይም የተማሪው ጉድለት መስሎ ስለሚታይ ፈጥኖ ይሞላል።

ልማዱ ሥር የሚሰድድበት ምክንያት

መምህሩን ወደዚህ ልማድ የሚቀሰቅሰው ዝምታው ነው። ከጥያቄ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ክፍሉ የሚረበሽበት፣ ትምህርቱ የሚቆምበት፣ መምህሩም ያልተዘጋጀ የሚመስልበት ጊዜ ሆኖ ይሰማዋል። ተግባሩ ፈጥኖ መጥራት ወይም ራሱ መመለስ ነው። የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው፤ ጭንቀቱ ይቀልለታል፤ ትክክለኛው መልስ ይነገራል፤ የመርሐ ትምህርቱም ምዕራፍ በተወሰነለት ሳምንት ያልቃል። ስለዚህ ልማዱ መምህሩን በየቀኑ ይጠቅመዋል። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በኋለኛው ወንበር ላይ በተቀመጠው ልጅ ላይ በመሆኑና ያም ልጅ ስለማይናገር፣ መምህሩ ጉዳቱን አያየውም።

ሌላው ምክንያት ከሥልጠናው በፊት የሚጀምር ነው። ዳን ሎርቲ የተባለው የትምህርት ማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ዕጩ መምህር ወደ ማሠልጠኛ ተቋም ሲገባ ብዙ ሺህ ሰዓት በተማሪነት ተቀምጦ መምህራኑን ሲመለከት ኖሯል። ኮሌጁ ከሚሰጠው ትምህርት በፊት እነዚያ መምህራን አስተምረውታል። በጭንቀት ጊዜ የሚመለስበትም መንገድ ያ የቀድሞው ነው።

ልማድን መመርመር

ልማድ የሚታወቀው በማስታወስ ሳይሆን በመመዝገብ ነው። ጥያቄውን ለሁሉም ተማሪዎች እንደሚያከፋፍል ከልቡ የሚያምን መምህር፣ ሲመዘገብ የሚገኘው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሊዋሽ ፈልጎ ሳይሆን፣ ልማድ ከራሱ ባለቤት ዓይን የተሰወረ በመሆኑ ነው። የሚከተሉት መንገዶች ወጪ የማይጠይቁና በማናቸውም ትምህርት ቤት ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

1ኛ/ የአቀማመጥ ንድፍ። መምህሩ የክፍሉን አቀማመጥ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይነድፋል። ለተጠራው ተማሪ ሁሉ በቦታው ላይ አንድ ጭረት ይጨመራል። ሥራውን አንድ የሥራ ባልደረባ ወይም ኃላፊነት የሚሰማው ተማሪ ሊያከናውነው ይችላል። ከአምስት ክፍለ ጊዜያት በኋላ ጭረት የበዛበትና ምንም ጭረት ያልታየበት ቦታ ራሱ ይናገራል።

2ኛ/ የጊዜ ቆጠራ። ባልደረባው ከኋላ ተቀምጦ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ያለፈውን ሴኮንድ በልቡ ቆጥሮ ይመዘግባል። በስልክ ድምፅ መቅዳት የሚቻልበት ቦታ መምህሩ ራሱ ቀድቶ በኋላ ሊያዳምጠው ይችላል።

3ኛ/ የቀስቃሹ ማስታወሻ። መምህሩ ትምህርቱ እንዳበቃ ሁለት ደቂቃ ወስዶ፣ የተጣደፈው መቼ እንደነበረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተከሰተ፣ ምን እንደተሰማውና ምን እንዳተረፈ በአጭሩ ይጽፋል።

በምርመራው ጊዜ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ የሚጻፈው የተደረገው ነገር እንጂ ፍርድ እንዳይሆን ነው። «ዛሬም አልተሳካም» የሚለው ማስታወሻ ምንም አያስተምርም፤ «ከ22 ጥያቄዎች 17ቱን የመለሱት የፊት ሁለት ረድፎች ናቸው» የሚለው ግን ቀጥሎ የሚሠራውን ያመለክታል። ሁለተኛው፣ መዝገቡ የመምህሩ የራሱ ንብረት እንዲሆን ነው። ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ መስጫ ከዋለ መምህሩ በታየበት ቀን ብቻ የተለየ ሰው ይሆናል፤ ምርመራውም እዚያው ያበቃል።

የቀድሞውን በአዲሱ መተካት

ናታን አዝሪንና ባልደረባው ነን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ እንደ ጥፍር መንከስ ያሉ ልማዶች ያሉባቸውን ሰዎች ለመርዳት የተጠቀሙበት ዘዴ ሁለት ዋና ክፍሎች ነበሩት። የመጀመሪያው ልማዱ ሊጀምር ሲል ማስተዋል ነው። ሁለተኛው በዚያው ቅጽበት ከቀድሞው ጋር አብሮ ሊፈጸም የማይችል ሌላ ተግባር ማድረግ ነው፤ እጁን ጨብጦ የያዘ ሰው ጥፍሩን ሊነክስ አይችልምና። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳብራራው፣ «ልሻሻል» ከሚል ጠቅላላ ሐሳብ ይልቅ «ይህ ሁኔታ ሲያጋጥም ይህን አደርጋለሁ» የሚል የተወሰነ ዕቅድ ወደ ተግባር የመድረስ ዕድሉ የበለጠ ነው።

እነዚህን ሁለት ሐሳቦች ወደ ክፍል ማምጣት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል፦

ሀ/ ጥያቄው እንዳለቀ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥና የመጨረሻውን ረድፍ እየተመለከቱ በልብ እስከ ሦስት መቁጠር። ጠመኔውን ያስቀመጠ መምህር መልሱን በሰሌዳው ላይ ሊጽፍ አይጣደፍም።

ለ/ አስቀድሞ ጥያቄውን ለክፍሉ በሙሉ ማቅረብ፣ ከዚያ ማሰቢያ ጊዜ መስጠት፣ በመጨረሻ ስም መጥራት። ስም አስቀድሞ ከተጠራ የቀሩት ተማሪዎች ማሰባቸውን ያቆማሉ።

ሐ/ የተማሪዎችን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በአንድ ዕቃ ውስጥ አድርጎ በዕጣ ማውጣት። ይህም ዓይን ወደለመደው ረድፍ እንዳይሄድ ይከላከላል።

መ/ ጥያቄው ከበድ ያለ ሲሆን ተማሪዎች ለአንድ ደቂቃ ከጎን ጓደኛቸው ጋር እንዲነጋገሩ ማድረግ። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል በዚያች ደቂቃ ውስጥ 30 ሰዎች በአንድ ጊዜ ይናገራሉ።

ሠ/ «ገባችሁ?» በሚለው ፈንታ «እስቲ አሁን ያልነውን በራስሽ አባባል ንገሪን» ማለት።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር አይመከርም። አንዱን መርጦ፣ እርሱ ያለ ሐሳብ የሚፈጸም እስኪሆን ድረስ መቆየት ይሻላል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አዲስ የዕለት ተግባር ወደ ልማድነት ለመድረስ የፈጀው ጊዜ በተሳታፊዎች መካከል ከ18 እስከ 254 ቀናት እንደሚለያይ ገምተዋል፤ መካከለኛው ቁጥር 66 ቀናት ነበር። በመካከሉ አንድ ቀን መዝለል ጉልህ ጉዳት እንደማያመጣም ተመልክተዋል። ከዚህ ውስጥ ለመምህሩ የሚጠቅመው የሁለት ቀን ሥልጠና ልማድን ሊለውጥ እንደማይችል ማወቁና፣ ዛሬ ቢዘነጋ ነገ መቀጠል እንደሚገባው መረዳቱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው በዚህ ረገድ እውነት ነው።

ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች

ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የጊዜ እጥረት ነው። ሒሳቡ ሲታይ ግን፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ 30 ጥያቄዎች የሚያቀርብ መምህር ከእያንዳንዱ በኋላ 2 ሴኮንድ ቢጨምር የሚያወጣው 60 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ነው። ከመልሱ በኋላም ያንኑ ቢጨምር ሁለት ደቂቃ ይሆናል። የጥያቄው ብዛት ቀንሶ ጥራቱ ቢጨምር ደግሞ ይህም ወጪ ይተካል።

ሁለተኛው ችግር የተማሪዎቹ የራሳቸው ልማድ ነው። ዝም ካሉ መምህሩ እንደሚመልስላቸው የለመዱ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም ይላሉ። መምህሩ በዚህ ጊዜ ተሸንፎ ከመለሰ የቀድሞው ልማድ በሁለቱም ወገን ይጸናል። ስለዚህ ለውጡን አስቀድሞ ለተማሪዎቹ መንገር፣ «ገና እያሰብኩ ነው» የሚለውም መልስ የተፈቀደ መሆኑን ማስታወቅ ይገባል። በዕጣ የተጠራ ተማሪ በመሳሳቱ የሚሳቅበት ከሆነ የማሰቢያው ጊዜ የፍርሃት ጊዜ ይሆንበታል።

ሦስተኛው፣ ዘዴው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጥቅም እንደማይሰጥ ማወቅ ነው። የማባዛት ሠንጠረዥን ወይም የፊደል ንባብን ለማለማመድ በፍጥነት መጠያየቅ ተገቢ ነው። የማሰቢያ ጊዜ የሚያስፈልገው «ለምን?»፣ «እንዴት?»፣ «ምን ልዩነት አለው?» ለሚሉ ጥያቄዎች ነው። ጥያቄው ማሰብን የማይጠይቅ ከሆነ መታገሡ ብቻውን ፍሬ አይሰጥም።

ዕቅድ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ

ልማድ የሚጸናው ጥቅም ስላለው መሆኑ ከላይ ተገልጿል። እንግዲያው መምህሩ ብቻውን እንዲለወጥ መጠየቅ፣ ጥቅሙን የሚያስገኘው ሁኔታ እንዳለ ሆኖ ፍሬው ጥቂት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ወይም ርእሰ መምህሩ ክፍል ሲጎበኝ የሚያየው የተሸፈነውን ገጽ ብዛት ብቻ ከሆነ መምህሩ ይጣደፋል። በመመልከቻ ቅጹ ላይ «ከኋለኛው ረድፍ ስንት ተማሪዎች ተናገሩ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢታከል ግን ቅጹ ራሱ ሌላ ነገር ማስተማር ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ጊዜ መድቦ ነበር። እንዲህ ያለው ጊዜ በአንድ ወገን ለገለጻ ከሚውል ይልቅ፣ ሁለት ሁለት መምህራን በአንድ ልማድ ላይ ተስማምተው በአንዱ መንፈቀ ዓመት እርስ በርስ እየተመለካከቱ እንዲሠሩ ቢከፋፈል ለተግባር ይበልጥ የቀረበ ይሆናል። በማሠልጠኛ ኮሌጆችም የዕጩ መምህራን የማስተማር ልምምድ ሲመዘን፣ ዕጩው የራሱን አንድ ልማድ መዝግቦ፣ ተክቶና ውጤቱን ገልጾ እንዲያቀርብ ማድረግ ይቻላል። አሠልጣኞቹ ራሳቸው ጠይቀው የማይታገሡ ከሆነ ግን ዕጩው የሚማረው የሰማውን ሳይሆን ያየውን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ማጠቃለያ

መምህሩ የራሱን ልማድ መመርመሩ የሥራው አካል ነው። ምርመራው የሚጀምረው በመመዝገብ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ቀስቃሹንና ጥቅሙን በመለየት፣ ፍሬ የሚያገኘው ደግሞ በቀስቃሹ ቦታ አንድ የተወሰነ አዲስ ተግባር በመተካትና ለሳምንታት ያህል በመደጋገም ነው። በዚህ ጽሑፍ የታየው ልማድ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱም ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪውም በበኩሉ በየቀኑ ልማድ ይማራል። ተጠይቆ ጊዜ የሚያገኝ ልጅ ማሰብን ይለምዳል፤ ሳይጠየቅ ወይም ጊዜ ሳያገኝ ዓመታትን የሚያሳልፍ ልጅ ደግሞ ጥያቄ ለሌሎች የሚቀርብ ነገር መሆኑን ይለምዳል። ይህ ሁለተኛው ልማድ አንዴ ከጸና በኋላ እርሱን መንቀል መምህሩ የራሱን ከመለወጡ እጅግ የከበደ ሥራ ነው።